ሣጥኑ፣ ክፍሉና በገናው

ቤቱ ውስጥ ሲኒማ የሚያሰናዳ ሰው ስክሪኑንም ስፒከሩንም እንደምንም መርጦ ይጨርሳል። የሚያስጨንቀው መሃል ላይ የሚቀመጠው ሣጥን ነው። ፕሮሰሰር የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ከዲስክ ማጫወቻው፣ ከኢንተርኔቱ፣ ከልጆቹ ጌም የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ የቱ ከፊት፣ የቱ ከኋላ፣ የቱ ከጣሪያ እንደሚወጣ ለይቶ ለአምፕሊፋየሮቹ የሚያድለውን። አምፕሊፋየሩን አብሮ የያዘው ሪሲቨር ይባላል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ታዲያ ስለዚህ ሣጥን ምክር ስትጠይቁ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥማችኋል። አንዱ «ድምፁን ስማ፣ ሌላውን ተወው» ይላችኋል። ሌላው «ይሄ እኮ አሥራ አንድ ቻናል አለው፤ ይሄን ይችላል፣ ያንንም ይችላል» እያለ በጣቱ ይቆጥርላችኋል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንታችንን ሲኒማ ሳደርግ ከሁለቱም ጋር ከርሜአለሁ። የደረሰብኝንና የገባኝን ላጫውታችሁ።

ነገሩን ከልቤ የያዝኩት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። በወጣትነቷ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲያሻት አምባሳደር እየገባች ፊልም ያየች ሰው ናት፤ ፍቅሩ ዛሬም አልለቀቃትም። ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አማርኛ ፊልም ተከፍቶ ሙዚቃው ከፍ ሲል ንግግሩ ይዋጥባታል። «ምን አለ?» ትላለች፤ እኛ ስንነግራት የሚቀጥለው ያመልጣታል። ትንሽ ቆይታ መጠየቁን ትተዋለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ታሪኩ ግን አምልጧታል። ይህን ማየት ከበደኝ፤ ቤዝመንቱን የጀመርኩት ለዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ፕሮሰሰር ያገኘሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከሚኖር ሙዚቀኛ ጓደኛዬ ነው። ሳክስፎን ይነፋል፤ በድምፅ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። «ውሰደው፣ ይሄ ሣጥን ሙዚቃ ያውቃል» ብሎ በርካሽ ለቀቀልኝ። ከባድ ስለሆነ ለሁለት ተሸክመን ነው ደረጃውን ያወረድነው። ባለ 5.1፣ ማለትም የአምስት ስፒከርና የአንድ ሳብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ነው፤ ከጣሪያም ጭምር ድምፅ የሚያወጣው አትሞስ የለውም፣ 4ኬ ምስል አያሳልፍም፣ የክፍሉን ድምፅ ለክቶ የሚያስተካክል ነገርም አልተገጠመለትም። ቮልዩሙን የምታዞሩበት ቁልፍ ግን እጅ የማይረሳው ለስላሳ ነገር ነው።

ገመዱን እንደጨረስን የከፈትነው የዓለሙ አጋን በገና ነበር፤ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም ቁጥር 11 ላይ ያለውን። በገና የድምፅ ዕቃን አጥብቆ ይፈትናል። ዐሥር ጅማት አለው፤ ጅማቱ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ጅማቱ ሲመታ ቆዳውን ቶሎ ቶሎ እየነካ ያንን የሚንዘረዘር ድምፅ ያወጣዋል። ስለዚህ በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ከታች የጅማቱ ወፍራም ድምፅ፣ ከላይ የእንዚራው ደቃቅ ንዝረት። ጥሩ መሣሪያ ሁለቱን ለያይቶ ያሰማችኋል። ደካማ መሣሪያ ወይም ክፉ ክፍል ሁለቱን ደባልቆ አንድ ጉምጉምታ ያደርጋቸዋል። በዚያን ዕለት ከታች ያለው ወፍራሙ ድምፅ አብጦ፣ እንዚራው ከኋላው ተሸሽጎ ነበር። ጓደኛዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማ ቆየና «ይሄ ከሣጥኑ አይደለም» አለ። ለጊዜው በዚሁ ተለያየን።

ሣጥኑን አሮጌ ያደረገው ዕድሜው ብዙ ሆኖ አልነበረም። በዚህ ዓለም ሣጥን ቶሎ ያረጃል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልንገራችሁ። ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ በ1987 ሲመጣ ከሁለት ቻናል ውስጥ የመሃሉንና የኋላውን ድምፅ መዝዞ ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ዲቪዲ አሜሪካ ገባና የ5.1 ቻናሎች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ተቀርጸው መጡ። ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚያሳልፈው ኤችዲኤምአይ በ2002 መጨረሻ ወጣ፤ በ2006 ዶልቢ ትሩኤችዲን ማሳለፍ ቻለ፤ በ2013 ቁጥር 2.0፣ በ2017 ቁጥር 2.1 ተከተሉ። ዶልቢ አትሞስ በ2012 «ብሬቭ» ከተባለው ፊልም ጋር ሲኒማ ቤት ገባ፣ በ2014 መኖሪያ ቤት ደረሰ፣ ጣሪያችን ላይም ስፒከር አሰቀለን። በየእርምጃው ትናንት ውድ የነበረው ሣጥን ዛሬ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ስፒከር ግን እንዲህ አያረጅም። በ1987 የተሠራ ደህና ስፒከር ዛሬም በደንብ ይናገራል። ገንዘብ የቱ ላይ ቢያርፍ እንደሚበረክት ከዚህ በላይ የሚመክር የለም።

ያም ሆኖ አንድ የዕቃ መደብር አዲስና ብዙ የሚችል ፕሮሰሰር «ቤትህ ወስደህ እየው» ብሎ በውሰት ሰጠኝ። አሥራ አንድ ቻናል፣ አትሞስ፣ ዲቲኤስ ኤክስ፣ ከስልክ የሚታዘዝ፣ ከክፍል ማስተካከያ ጋር። የደረሰውም ለፋሲካ ነው።

የፋሲካ ማታ ቤቱ ሙሉ ነው። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ወጥቷል፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኝተዋል። ያቀድነው የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ልናይ ነው። ኃይሌ እዚሁ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማረ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የሳንኮፋ መጻሕፍት መደብር ባለቤት ነው፤ ለእኛ የሠፈራችን ሰው ነው ማለት ይቻላል። ፊልሙ የ2008 ነው። ጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ ይነግራል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ካመለጠ ከኋላው የሚመጣው ትዝታ ትርጉሙ ይጠፋል። እናቴ መሃል ሶፋው ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ምስሉ መጣ፣ ድምፁ የለም። ማጫወቻውን አጥፍተን አበራን፤ ድምፁ መጣ፣ ምስሉ ሄደ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠቆረ፣ እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ሣጥኑ መሃል ላይ አፕዴት ጠየቀ፤ ፈቀድንለት፤ ጨርሶ ሲነሣም ነገሩ ያው ነው። ኤችዲኤምአይ ምስሉንና ድምፁን ከማሳለፉ በፊት ከዚህኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ከወዲያኛው ጋር ይጠያየቃል፤ አንተ ማነህ፣ ምን ትችላለህ፣ የቅጂ መብቱን ቁልፍ ይዘሃል ይባባላሉ። ልክ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ በወጣችሁ በገባችሁ ቁጥር መታወቂያ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ በማጫወቻውና በፕሮጀክተሩ መሃል ስለሚቆም ከሁለቱም ጋር መግባባት አለበት፤ አንዱ ላይ ከተሰናከለ ሁሉም ይቆማል። ይህ የአንድ ዕቃ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2020 መጨረሻ 2.1 የተገጠመላቸው አንዳንድ ሪሲቨሮች ያኔ አዲስ ከነበረው ኤክስቦክስ የሚመጣውን 4ኬ በ120 ኸርዝ ማሳለፍ አቅቷቸው ስክሪን ይጠቁር ነበር፤ የሳተው ውስጣቸው ያለው ቺፕ ነው፤ አምራቾች መሃል ላይ የሚሰካ ማስተካከያ ሣጥን በነፃ እስከመስጠት ደርሰዋል።

እንግዶቹ ትዕግሥት ነበራቸው፤ እናቴም «ልጄ ተወው፣ እንጫወት» አለች። ነገሩን የፈታችው ባለቤቴ ናት። «ምስሉን በቀጥታ ወደ ፕሮጀክተሩ ብትሰደውስ? ያንን አሮጌውን ለድምፅ ብቻ አምጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የማጫወቻውን ኤችዲኤምአይ በቀጥታ ፕሮጀክተሩ ላይ ሰካሁት። ድምፁን ደግሞ በቀጭኗ የብርሃን ገመድ፣ በኦፕቲካሏ፣ ወደ አሮጌው ሣጥን ወሰድኩት። የዲቪዲ 5.1 ድምፅ በዚያች ገመድ ያለችግር ያልፋል። «ጤዛ» ተጀመረ፤ ቤቱም ጸጥ አለ።

በዚያ ማታ አንድ ነገር ገባኝ። ሻጭ በጣቱ ከሚቆጥራቸው ችሎታዎች ብዙዎቹ ከሣጥኑ ውጭ ሊገኙ ይችላሉ። 4ኬውን ፕሮጀክተሩ በቀጥታ ይቀበላል። ኢንተርኔቱን ቴሌቪዥኑ ወይም ትንሿ ማጫወቻ ትሠራዋለች፤ ኢአርክ ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ሁሉን ራሱ ላይ ሰብስቦ ድምፁን ብቻ ወደ ሣጥኑ ይልካል። ችሎታን ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል። በእያንዳንዱ ማታ ሳያንገራግር መነሣት ግን ከሣጥኑ ውስጥ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው፤ እሱም በሻጩ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ አታገኙትም።

ግን «ጤዛ» ላይም እናቴ «ምን አለ?» ማለቷን አላቆመችም። ድምፁ አለ፣ ምስሉ አለ፣ ንግግሩ ግን አሁንም እየተዋጠ ነው። ሙዚቃ ያውቃል የተባለው ሣጥንም አልበቃም ማለት ነው።

ጓደኛዬን መልሼ ጠራሁት። መደብሩ የውሰቱን ሣጥን የሶፍትዌር ስሕተት አግኝቶ በሌላ ለውጦልኝ ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥን። አምፕሊፋየሩ አንድ፣ ስፒከሮቹ አንድ፣ የአዲሱ የክፍል ማስተካከያ የጠፋ። የሁለቱን ድምፅ መጠን በመለኪያ አስተካከልን፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች እስኪሆን ድረስ። ይህን የማያደርግ ሰው ዕቃ አላወዳደረም፤ አንዱ በአንድ ዴሲቤል ብቻ ከፍ ቢል ጆሮ ከፍ ማለቱን አያስተውልም፣ ይልቅ «ይሄኛው ጥርት ያለ ነው» ይላል። ከዚያ ጋቢ ከፊታቸው ዘረጋንና ባለቤቴ ከጋቢው ጀርባ ገመዱን እየቀያየረች በገናውን አሰማችው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ጥናት ሰዎች የሚሰሙትን ስፒከር ሲያዩትና ሳያዩት የሚሰጡት ፍርድ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ ዓይን በጆሮ ፍርድ ውስጥ ይገባል። ጓደኛዬ ብዙ ሰማ። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ በዚህ ላይ አልፈርምም። ለእኔ አንድ ናቸው» አለኝ። የራሱን ሣጥን አሳንሶ እንዲህ ያለ ሰው በጣም አከበርኩት።

እዚህ ላይ ስለ ቺፕ የሚነሣውን ክርክር ላንሣ። ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ቺፕ የማን ሥራ እንደሆነ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 2020 ጃፓን፣ ኖቤኦካ የሚገኘው፣ እንዲህ ያለውን ቺፕ የሚሠራው የአሳሂ ካሴይ ማይክሮዲቫይስ ፋብሪካ በእሳት ተያያዘና ለቀናት ነደደ። ቺፑ ከገበያ ጠፋ፤ ብዙ አምራቾች ሰሌዳቸውን እንደገና ነድፈው ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ቺፕ ዞሩ። ዛሬ ያሉት ደህና ቺፖች ሁሉ ከሚያስፈልገን በላይ ጸጥተኞች ናቸው። የሲዲ 16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይይዛል፤ ቤዝመንታችን ውስጥ ማሞቂያው ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ የዚያን ስፋት የታችኛውን ክፍል ይበላዋል። ለዚህ ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር መጨመር ለእኔ ቤት ትርጉም የለውም።

ታዲያ ንግግሩን የሚውጠው ምንድነው? ክፍሉ ነው። የቤዝመንታችን ርዝመት 5.7 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ግማሽ ሞገዱ ልክ የክፍሉን ርዝመት የሚያህለው ድምፅ 30 ኸርዝ ገደማ ይሆናል፤ ሙሉ ሞገዱ የሚያህለው ደግሞ 60። እንዲህ ያለ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በአንድ ቦታ ያብጣል፣ በሌላ ቦታ ይጠፋል። ሶፋው የነበረው ልክ መሃል ላይ ነው፤ እዚያ 30ው ይጠፋል፣ 60ው ያብጣል። ወፍራም ድምፅ ሲያብጥ ከበላዩ ያለውን ይሸፍናል፤ የእንዚራውን ንዝረት የሸሸገው፣ የሰዎቹንም ንግግር የዋጠው እሱ ነው። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ቀን «ከሣጥኑ አይደለም» ያለው ትክክል ነበር።

ሶፋውን ከኋላው ግድግዳ ሁለት ሜትር ገደማ እስኪቀረው ድረስ ወደ ኋላ ሳብነው። ገና ምንም ሳይገዛ ለውጡ ተሰማ። የጠፋውን ድምፅ በሣጥን መመለስ እንደማይቻል ልብ በሉ፤ ኃይል ብትጨምሩበት የሚሄደውና የሚመለሰው ሞገድ በዚያው መጠን ይሰራረዛሉ፤ አምፕሊፋየሩን ማድከም ብቻ ነው። ያበጠውን ግን ሣጥኑ መቀነስ ይችላል። የክፍል ማስተካከያ የሚባለው ችሎታ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው።

በዚህ ሥራ የታወቁ ስሞች አሉ። ኦዲሲ በ2002 ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣ ነው፤ ዲራክ ከስዊድን፣ ከኡፕሳላ የመጣ ነው፤ የፈረንሳዩ ትሪኖቭ አራት ጆሮ ባለው ማይክሮፎን ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጭምር ይለካል። አሠራራቸው ይቀራረባል። ማይክሮፎኑን ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ጆሮ በሚደርስበት ቁመት ታቆማላችሁ፤ ከእያንዳንዱ ስፒከር ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ይወጣል፤ ሣጥኑ ያወጣውንና ማይክሮፎኑ የሰማውን አስተያይቶ ክፍሉ ምን እንደጨመረበት ያውቃል። ከዚያ ማይክሮፎኑን ትንሽ አንቀሳቅሳችሁ ትደግሙታላችሁ።

ለዚህ ጸጥታ ያስፈልጋል። ፍሪጁን ነቅዬ፣ ማሞቂያውን አጥፍቼ፣ ልጆቹ ሲተኙ በውሰቱ ሣጥን ጀመርኩ። ፉጨቱ ሲወጣ ሣጥኑ «ጫጫታ አለ» ብሎ አቆመ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ ከላይ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። እናቴ ቡና እየወቀጠች ነው። የሙቀጫው ምት በወለሉ እንጨት አልፎ ማይክሮፎኑ ላይ ይደርሳል። ሽቅብ ወጣሁ፤ ቡናው ተቆልቶ ቤቱ በመዓዛው ተሞልቷል። «ና ተቀመጥ፣ የሚቸኩል ነገር የለም» አለችኝ። ተቀመጥኩ፣ እስከ በረካው ጠጣን፣ ከዚያ ጸጥ ባለው ቤት ልኬቱ ያለእንከን አለቀ።

በማግስቱ «ጤዛ»ን እንደገና ከፈትን። ንግግር በፊልም ውስጥ በአብዛኛው ከመሃለኛው ስፒከር ነው የሚወጣው፤ ማስተካከያው የዚያን ስፒከር ወፍራም ጉምጉምታ ቆርጦታል። አማርኛ ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚባሉ ፈንጂ ድምፆች አሉት፤ ድንገት ፈንድተው የሚያልፉ ናቸውና ከተሸፈኑ «ጠራ» እና «ተራ» ለደከመ ጆሮ አንድ ይሆናሉ። እነዚያ ድምፆች አሁን ለየብቻቸው ይሰማሉ። ፊልሙ መሃል ላይ ሲደርስ እናቴ «ይሄ ሰውዬ ተጎድቷል» አለች፤ ስለ አንበርብር ነው። የተባለውን ሰምታ በራሷ የፈረደችው ነው። በገናውም ላይ እንዚራው ከጅማቱ ተለይቶ ወጣ።

እንግዲህ ድምፅና ችሎታ በሚዛን ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ይመዘናሉ የሚለውን አነጋገር ትቼዋለሁ። ችሎታዎቹን ለሁለት እከፍላቸዋለሁ። አንዱ ወገን በየማታው ከሶፋው ላይ የሚሰማ ነው፤ የክፍል ማስተካከያው፣ የየስፒከሩ ርቀትና መጠን፣ ወፍራሙን ድምፅ ከትንንሾቹ ስፒከሮች ወስዶ ለሳብዉፈሩ የሚሰጠው ክፍፍል፣ እና ሳይሰናከል የሚነሣ ኤችዲኤምአይ። እነዚህ ስማቸው ችሎታ ይሁን እንጂ ራሳቸው የድምፅ ጥራት ናቸው፤ በእነሱ ላይ አልቆጥብም። ሁለተኛው ወገን ካርቶኑ ላይ የሚነበብ ነው፤ የማልሰቅላቸው ስፒከሮች ቻናል፣ ቴሌቪዥኑ የሚሠራው የኢንተርኔት ነገር፣ የአርማው ብዛት። የቤዝመንታችን ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ የጣሪያ ስፒከር ከራሳችን በላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ለአሥራ አንድ ቻናል የሚከፈለውን ገንዘብ መሃለኛውን ስፒከር ለማሻሻልና ለሁለተኛ ሳብዉፈር አዋልኩት። የውሰቱን መልሼ፣ ከእሱ ያነሰ ቻናል ያለው ግን ማስተካከያው የጠነከረ ሣጥን ገዛሁ።

ፕሮሰሰር ልትገዙ ከሆነ ከሻጩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤት ወስዶ ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚሰጥ ነው። ከዚያ ከራሳችሁ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ጋር አያይዛችሁ በየማታው አብሩት፣ አጥፉት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀያይሩት። ሶፋውን ከክፍሉ መሃል አንሡ፣ ለኩ፣ የምታውቁትን ዜማ ስሙ። በመጨረሻም ከቤተሰቡ ሁሉ ጆሮው የደከመውን ሰው ዋናው ቦታ ላይ አስቀምጡና ንግግሩን ሰምቶ እንደሆነ እሱን ጠይቁት፤ ለሣጥኑ ዋጋ የመስጠቱን ሥልጣን እኔ ለዚያ ሰው ሰጥቻለሁ።